የፖምፓው ማኅተም

እህቴ ዓረብ አገር አምስት ዓመት ለፍታ የገዛቻትን መኪና እኔ በአምስት ወር ገደልኳት። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው ማብራሪያ ነው፤ ማብራሪያ ደግሞ ያጠፋ ሰው የሚያበዛው ነገር ስለሆነ እኔም አብዝቼዋለሁ።

መኪናዋ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ነበረች። ወንበሮቿ ላይ ያለው ፕላስቲክ እንኳ አልተገፈፈም። ያን ጊዜ ከመካነ ሰላም ደሴ የሚመላለሱት መኪኖች ሦስት አራት ባለቤት የቀያየሩ፣ በራቸው በሽቦ የታሰረ አሮጌዎች ነበሩ። መንገዱም በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ። በዚያ መንገድ ላይ አዲስ መኪና ይዤ ስመጣ ልቤ አብጦ ነበር፤ አልዋሽም።

አባቴ ቁርአን የሚያስቀሩ ሼህ ነበሩ። እናታችን ልጆች ሳለን ስለሞተች ቤቱ እሳቸው፣ እኔና እህቴ ብቻ ነበርን። እህቴ እዚያ ማዶ ስለነበረች የመኪናዋ ሊብሬ በአባቴ ስም ወጣ። መኪናዋ የገባች ዕለት በግ ታረደ፣ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ፣ አባቴ እጃቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉ። ክርስቲያኑ ጎረቤታችን ከሁሉም በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ "አሚን!" ይል ነበር። እህቴ ደወለችና "ጥሩምባዋን አሰማኝ" አለችኝ። ስልኩን ወደ መኪናዋ አስጠግቼ አስጮኽኩላት። ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ደግሞ "ድገመው" አለች።

ያን ዕለት ኮንትራቷ ሊያልቅ ሰባት ወር ቀርቷት ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ መኪናዋ ትሠራለች፣ እሷ ትመጣለች፣ ከዚያ በኋላ የሰው ቤት አትጠርግም። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን። እኔም ሹፌሩ አውቃለሁ።

መኪናዋን ስረከብ ሻጩ የጋራንቲ ደብተር ሰጠኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ሞተሩ ቢበላሽ እነሱ ይቀይራሉ፤ ከእኛ የሚፈለገው አለመነካካት ብቻ ነው። ሰውየው ኮፈኑን ከፍቶ ፖምፓውን አሳየኝ። ፖምፓ ማለት ናፍታውን ለሞተሩ እየለካ የሚሰጠው ዕቃ ነው። ፋብሪካው ልኩን አስተካክሎ በቀጭን ሽቦ አስሮ እርሳስ አትሞበታል። "ይቺን እርሳስ አየሃት?" አለኝ። "ይቺ ከተነካች እኔና አንተ አንተዋወቅም።" ሳቅኩ። "ማን አባቱ ይነካታል?" አልኩት።

ችግሩ ዳገት ላይ መጣ። ከደሴ ወጥቶ ወደ ጉጉፍቱ የሚያስወጣው ዳገት አየሩ ስስ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኔ ደግሞ ጣሪያው ላይ ጨው፣ ስኳር፣ ቆርቆሮ ጭኛለሁ። መኪናዋ ታቃስታለች። እነዚያ በሽቦ የታሰሩ አሮጌዎች ጢሳቸውን እያቦነኑ ያልፉኛል፤ ሹፌሮቻቸው በመስኮት እጃቸውን አውጥተው "ሙሽሪት፣ ቀስ በይ፣ ቬሎሽ እንዳይቆሽሽ!" ይሉኛል። የእነሱ ፖምፓ ከተከፈተ ዘመን ሆኖታል፤ ናፍታውን እንደ ልባቸው ያጠጡታል። መናኸሪያው ደግሞ ተራ የሚሰጠው በመድረስ ነው። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይጭናል፤ ዘግይቶ የገባ እዚያው ቁጭ ብሎ ያድራል።

ተሳፋሪውም አይምርም። አንዲት ነጋዴ ነበረች፣ ሁልጊዜ ከኋላዬ የምትቀመጥ። አንድ ቀን ዳገቱ መሃል ላይ "ሹፌር፣ ልጄን የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ነው ትቻት የወጣሁት፤ ስንደርስ አግብታ ትጠብቀኝ ይሆን?" አለች። መኪናው ሙሉ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ "ተይው እባክሽ፣ ሬሳ የምንሸኝ መስሎት ነው" ብለው ጨመሩበት። እኔ ስድብ እችላለሁ፣ ሹፈት አልችልም። ደሜ ፈላ። መሪውን ጨብጬ ጥርሴን ነክሼ አቀስታ ድረስ ነዳሁ።

በሚቀጥለው ጉዞ ደሴ ስደርስ በቀጥታ ፖምፓ ወደሚሠራ ሰው ሄድኩ። ጋራዡ ጠባብ፣ እሱም ሽማግሌ ነው፤ ሹፌሮች የፖምፓ ሐኪም ይሉታል። መኪናዋን ዞሮ አያትና "አዲስ ናት፤ ጋራንቲ የላትም እንዴ?" አለኝ።

"አላት።"

"ታዲያ ምን አቅብጦህ ነው?"

"ዳገት ላይ እየቀደሙኝ ነው" አልኩት።

አየኝ። "ይቅደሙሃ! ዓመቱን ጨርሰህ ና፣ ያኔ እከፍትልሃለሁ" አለ። ለመንኩት። እንደ ልጅ ለመንኩት። በመጨረሻ ሽቦዋን በጥሶ ፈታው፣ አንዲት ብሎን ትንሽ አዞረ፣ ሌላ ሽቦና ሌላ እርሳስ አምጥቶ መልሶ አሰራት። ላየው ሰው ያው የበፊቱ ይመስላል። "ቢጠይቁህ እኔን አታውቀኝም። ጥቁር ጭስ ካበዛች ደግሞ ሳትውል ሳታድር መልሰህ አምጣት" አለኝ። ቁርሴን በልቼ ሻዬን ሳልጨርስ አለቀ። የእህቴ አምስት ዓመት የተፈታው በዚያች ሻይ ልክ ነው።

ወይ ጉድ፣ እንዴት እንደሄደች! ጉጉፍቱን በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት። እነዚያን በሽቦ የታሰሩ መኪኖች አንድ በአንድ አለፍኳቸው፤ ባለፍኳቸው ቁጥር ጥሩምባ አስጮኻለሁ። ነጋዴዋ "ኧረ በሰላም አድርሰን!" ብላ ወንበሩን ያዘች። ደስ አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ መናኸሪያው ውስጥ አንደኛ የምገባው እኔ ሆንኩ። ከኋላዬ የሚወጣው ጭስ ጥቁር ነበር። በመስታወት አየሁት። ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ አየሁት፤ አንድም ቀን ደሴ ላይ ወደዚያ ሽማግሌ አልዞርኩም።

አንድ ጠዋት፣ ዳገቱ ላይ፣ ሞተሩ አንዴ "ቋ" አለና ነጭ ጭስ ተፋ። ከዚያ ዝም። ተሳፋሪው ወርዶ መንገድ ዳር ቆመ። የሚያሾፍ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ነጋዴዋ "አይዞህ፣ አብሽር" አለችኝ፣ ውሃም ሰጠችኝ። ኮፈኑን ከፍቼ ቆምኩ። ማዘን ነበረብኝ፣ ወይ መጮኽ። ምንም አልመጣም። ከመኪናው አጠገብ የቆመው ሌላ ሰው፣ እኔ ደግሞ ሩቅ ሆኜ የማየው ያህል ነበር። ያ ነገር ዛሬም አልለቀቀኝም።

መኪናዋ ተጎትታ ደሴ ገባች። ፒስተኑ ቀልጧል፣ ሞተሩ አብቅቶለታል አሉኝ። መካነ ሰላም ተመልሼ ለአባቴ ነገርኳቸው። ምንጣፋቸው ላይ እንደተቀመጡ ሰምተው "ጋራንቲ አላት ብለኸኝ አልነበር?" አሉ።

"አላት አባባ።"

"የነካካችሁት ነገር የለም?"

"የለም።"

"ልጄ፣ እስቲ እየኝ። ነክታችኋል?"

"ወላሂ አልነካሁም" አልኩ።

አባቴ ምለው አያውቁም። ማንም አስምሏቸውም አያውቅም። ሁለት ሰው በድንበር ተጣልቶ ሲመጣ እሳቸው "እንዲህ ነው" ካሉ እንዲህ ነው፤ ማስረጃ ያምጡ የሚላቸው ሰው የለም። እኔ ስምል ደግሞ ሌላ ጥያቄ አልጨመሩም። "በአላህ ስም ካልክ በቃኝ" ብለው ተነሱና ለነገ ጉዞ ልብሳቸውን አዘጋጁ። እኔም ተስፋ ያደረግኩት በዚሁ ነው። አባቴ ደሴ ገብተው፣ ጥምጣማቸውን አድርገው፣ "ልጄ አልነካውም" ካሉ ነገሩ ያልቃል ብዬ። እኛ ዘንድ የሚያልቀው እንዲያ ነዋ! የእሳቸው ቃል ራሱን የቻለ ወረቀት ነው ብዬ አባቴን እንደ ወረቀት ይዣቸው ሄድኩ።

የሻጩ ወኪል ደሴ ቢሮ ነበረው። ሞተሩን የመረመረው ልጅ ወጣት ነው፣ ትሁት። አባቴን ሲያይ ከወንበሩ ተነስቶ አስቀመጣቸው፣ ሻይ አስመጣ። "አባቴ፣ እኔ እዚሁ የኩታበር ልጅ ነኝ" አላቸው። "ቀጥታውን ልንገርዎት። ይህ የፖምፓው እርሳስ የእኛ አይመስለኝም። ግን እርግጠኛ አይደለሁም፤ አንዳንዴ ከፋብሪካው ተለዋውጦ የሚመጣም አለ። ሊብሬው በእርስዎ ስም ስለሆነ፣ እርስዎ ማንም እንዳልነካው ካረጋገጡልኝ እዚህ ጋ ይፈርሙልኛል፤ እኔም የሼህ ቃል አልመልስም። ሞተሩ ይቀየርልዎታል።"

ልጁ የሰጠን መውጫ ነበር። ያን ያህል ክፍት የሆነ በር ሰው በዕድሜው ስንት ጊዜ ያገኛል?

"ፊርማዬ እንደ መሐላ ነው ማለት ነው?" አሉ አባቴ።

"እንደዚያ ይውሰዱት።"

አባቴ መነጽራቸውን አወጡ፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ አደረጉት። ወረቀቱን አነበቡ፤ አማርኛ ማንበብ የተማሩት በራሳቸው ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብለው ነው። እስክሪብቶውን ያዙ። ከዚያ ሳይፈርሙ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልፈርም?" አሉኝ።

አዎ ብል እህቴ ከሁለት ወር በኋላ አገሯ ትገባለች። አይ ብል አትገባም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን እዚያ ጋ የተቀመጡት አባቴ ናቸው፤ በአላህ ስም ዋሽቻቸዋለሁ፣ አሁን ደግሞ ያንኑ ውሸት በእጃቸው ላስደግማቸው ነው። "ይፈርሙ" ማለት አቃተኝ። "አይፈርሙ" ማለትም አቃተኝ። ወለሉ ላይ የዘይት ጠብታ ነበረች፤ እሷን ነው ያየሁት። ምን ተሰማህ ብትሉኝ፣ ምንም። ጥርሴን ሊነቅሉልኝ መርፌ የወጉኝ ጊዜ አፌ እንዲህ ሆኖ ነበር።

አባቴ ጠበቁ። ብዙ ጠበቁ። ከዚያ የእስክሪብቶውን ክዳን መልሰው ገጠሙ።

"ከፍተነዋል ብለህ ጻፍ፣ ልጄ" አሉት።

ልጁ ደነገጠ። "እርስዎ ነዎት ያስከፈቱት?"

"ቤታችን ነው የከፈተው። አንድ ነን" አሉ። ሻያቸውን አመስግነው ተነሱ። ልጁ እስከ በሩ ሸኛቸው፤ እኔን አላየኝም።

በሰው መኪና ተሳፍረን ተመለስን፤ ከእነዚያ በሽቦ ከታሰሩት በአንዱ። መንገድ ላይ አባቴ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። "ቁርስ በልተሃል?" አሉኝ። "በልቻለሁ" አልኩ። እሱም ውሸት ነበር። አቀስታ አካባቢ አላስችል ብሎኝ "አባባ፣ ምነው ቢቆጡኝ?" አልኳቸው። "ቁጣው ምን ያደርግልናል?" አሉ። "እኔ የማስበው ልጅቷ እንዴት ትስማው የሚለውን ነው።"

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እህቴ ትንሽ እረፍት አላት። አባቴ "ደውልላት፣ ስልኩንም ጮክ አድርገው" አሉኝ። ደወልኩ። ሰላምታው አለቀ፣ አልሃምዱሊላሁ አለቀ።

"ልጄ" አሉ፣ "መኪናዋ ሞተሯ ሞቷል። ጋራንቲውም ቀርቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ወንድምሽ ዳገት አቃታት ሲለኝ ፖምፓውን አስከፍተው ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።"

ቀና ብዬ አየኋቸው። እጃቸውን አነሱ፤ ዝም በል ማለታቸው ነው።

"አባባ" አለች እህቴ፣ "አንቱ ስለ መኪና ምን ያውቃሉ?"

"አለማወቄ ነው እንጂ።"

"እኔ እኮ ሻንጣ ገዝቻለሁ። ለማዳሜም ነግሬያታለሁ፤ ሌላ ሠራተኛ እየፈለገች ነው።"

"አውቃለሁ ልጄ። አፉ በይኝ።"

አፉ አላለቻቸውም። "ለእሱ ይስጡልኝ" አለች። ስልኩን ተቀበልኩ። "አንተ ሹፌር አይደለህም እንዴ?" አለችኝ እያለቀሰች። "ለምን እምቢ አላልካቸውም?"

"አባቴን እምቢ ልበል?" አልኳት።

ይህን የተናገርኩት እኔ ነኝ። አባቴ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። አፈር ልብላና።

ስልኩ ሲዘጋ "ለምን እንዲህ አሉ?" አልኳቸው። መቁጠሪያቸውን አነሱ። "እኔ ሂያጅ ነኝ። ከእኔ በኋላ አንተ ያለችህ እሷ፣ እሷም ያላት አንተ። ሰው ለማስማማት የተባለ ውሸት አይጻፍብኝም ኢንሻ አላህ። እኔን ብትቀየም ምንም አይደል። ሲበርድላት አንተው ትነግራታለህ" አሉኝ።

እህቴ ኮንትራቷን ለሁለት ዓመት አደሰች። በምትልከው ገንዘብ አሮጌ ሞተር ተገጠመላትና መኪናዋ ተነሳች። እኔም ነዳሁ፤ ቀስ ብዬ፣ ማንም ሲያልፈኝ ቀና ሳልል። እህቴ ስትደውል አባቴን "ደህና ነዎት? እኔ ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ" ትላቸውና "ለእሱ ይስጡልኝ" ትላለች። ድሮ እኮ ከእሳቸው ጋር ስታወራ ካርዷ እስኪያልቅ ነበር! ስለ ሕልሟ ትጠይቃቸዋለች፣ በስልክ ዱአ ያደርጉላታል። አሁን ስልኩን ይሰጡኝና እኔ ሳወራ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ከእኔ ጋር ትስቅ ነበር።

አንድ ቀን "ነገርካት?" አሉኝ።

"ሲበርድላት ብዬ ነው።"

ከወራት በኋላ እንደገና "ገና አልበረደላትም?" አሉ።

"ገና ነው አባባ።"

ሦስተኛ አልጠየቁኝም። በሁለተኛው ዓመት ክረምት ታመው፣ ሳምንት ሳይሞላቸው ሞቱ። ለእህቴ የነገርኳት በስልክ ነው። ፓስፖርቷ አሠሪዎቿ ጋ ስለነበር መምጣት አልቻለችም፤ ስልኩ ውስጥ ስትጮኽ ሰማኋት፣ ከዚያ አንድ ሰው በዓረብኛ ተቆጣት፣ ከዚያ ዝም አለች። እኔ አላለቀስኩም። ቀብሩ ላይም አላለቀስኩም። ሰው "ጠንካራ ነው፣ እንደ አባቱ ነው" አለኝ።

ኮንትራቷ ሲያልቅ መጣች። ደሴ ሄጄ በዚያችው መኪና አመጣኋት፤ መንገዱን ሙሉ ጉንጯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ተኛች። ለአባቴ ሰደቃ አወጣን፣ ሰው በላ፣ ቁርአን ተቀራ። በማግስቱ ጠዋት ደጃፋችን ላይ ፀሐይ እየሞቅን ነበር። እሷ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች።

"አንድ ነገር ልንገርህ" አለች ቀና ሳትል። "ያን ሁለት ዓመት ደህና አድርጌ አላወራኋቸውም። በጣም ከፍቶኝ ነበር። ሌሊት ሌሊት የሰው ልጅ እያባበልኩ፣ አባባ ምነው አርፈው ቁርአናቸውን ቢያስቀሩ እል ነበር። የመጨረሻ ቀን እንኳ ስልኩን ለእሱ ይስጡልኝ ነው ያልኳቸው።"

ልነግራት ይገባ ነበር። ጊዜው እሱ ነበር፤ ከዚያ የተሻለ ጊዜ አላህም አይሰጠኝም። አፌን ከፈትኩ። እንዳትቀየመኝ ፈራሁ ልበል? ፍርሃት እንኳ ቢሆን ደግ ነበር። ምንም አልነበረም። ሰፌዱ ላይ ያለውን ምስር ነው ያየሁት።

"አሁን አፉ ብያቸዋለሁ" አለች። "ትናንት ዱአ ላይ ከልቤ አልኳቸው። አላህ ይስማኝ እንጂ።" ከምስሩ ድንጋይ ነቅሳ ወረወረች። "አንተም እኮ በእሳቸው ምክንያት ስንት ተንገላተሃል። አንተስ አፉ ብለሃቸዋል?"

"አዎ" አልኳት። "አፉ ብያቸዋለሁ።"

"አላህ ይቀበልህ" አለችኝ፤ ወደ ምስሯ ተመለሰች።